ደማስቆን ልልቀቃት ወይስ ልዋጋላት? የሮም ቶታል ዋር ተጫዋቾች እርዱኝ
ሰላም ጓዶች። ከጓደኞቼ ጋር ሮም ቶታል ዋር የሚባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ በፈረቃ እየተጫወትን ነው። የያዝነው የሴሌውቅያንን ግዛት (ሶርያን ማዕከል ያደረገውን ጥንታዊ መንግሥት) ነው። ጨዋታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ይጀምራል። አንዱ 10 ዓመት ይገዛል፣ ማለትም 20 ዙር፤ ከዚያ ሴቭ ፋይሉን (ጨዋታው የተቀመጠበትን ፋይል) ለቀጣዩ ይልካል። አሁን ተራው የኔ ነው። ያወረሰኝ ሰውዬ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ካዝናውን አራግፎ ነው የሄደው።

ዕዳ ውስጥ ስለሆንኩ አንድ ወታደር እንኳ መመልመል አልችልም። ግብፅ ደማስቆን ከብባለች። የምሥራቅ ጎረቤቴ ፓርቲያ ደግሞ በፈረሰኛ ቀስተኞቿ ከተማዬ ሃትራ ላይ እያንዣበበች ነው። ይባስ ብሎ በስተ ምዕራብ ባለችው ከተማዬ ሰርዲስ ውስጥ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ዝሆኖች አሉ! ቀለባቸው ብቻ ገቢዬን ጨረሰው። ልበትናቸው? ወይስ ወደ ደማስቆ ልላካቸው? መንገዱ ሩቅ ነው፤ እስኪደርሱ ከተማዋ ያለቀላት ይመስለኛል።

ሌላው ሐሳቤ ዲፕሎማት ልኬ፣ ሃትራን ለፓርቲያ ሰጥቼ እርቅ መጠየቅ ነው። ግን ኮምፒውተሩ እርቁን ለምን ያህል ጊዜ ያከብረዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በኛ ሕግ የቆየ ሴቭ መክፈት ክልክል ነው፤ ስለዚህ "ወደ ኋላ ተመለስ" እንዳትሉኝ።