ስለ ናፍጣ መኪናዬ ካሳ ምክር እሻለሁ

የፍራንክፈርት ነዋሪ ስሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በ18,400 ዩሮ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ገዛሁ። በ2023 ግን አየሩ ሲቀዘቅዝ የበካይ ጋዝ መቀነሻውን ሥራ የሚያዳክም ሶፍትዌር እንዳለበት አምራቹ በደብዳቤ አሳውቆኝ አስተካከለው፤ ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ይበላል። የልጆቼን አየር ሳላውቅ ስበክል መኖሬ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበግበኛል።

የጀርመን ፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ጁን 26 በሰጠው ውሳኔ፣ አምራቹ ያጠፋው በቸልተኝነት ቢሆን እንኳ ገዢው ከግዢው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ ካሳ ሊያገኝ ይችላል። መኪናዬ ግን 190,000 ኪሎ ሜትር ስለሄደ፣ የተገለገልኩበትና የመኪናው ቀሪ ዋጋ ሲታሰብ ካሳው ተቀናንሶ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። የሦስት ዓመቱ ይርጋም (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) በ2026 መጨረሻ ይሞላብኛል።

የጠበቃ ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ የከሰሳችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል አወጣችሁ? መኪናውን አሁን ብሸጠውስ መብቴ ይቀራል ወይ?