በምላጭ ተቆርጦ የተቀጠለ አልበም የነባሩ ጃዝ ምሳሌ ሊሆን ይችላል?

ጠያቂው፦ የጃዝ ትራምፔት ነፊው ሉዊስ አርምስትሮንግ የብሉስ ዜማ ደራሲውን የዳብልዩ ሲ ሃንዲን አሥራ አንድ ዜማዎች ከኦል ስታርስ ባንዱ ጋር በሐምሌ 1954 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ለኮሎምቢያ ኩባንያ ቀርጿል። ትራምፔቱ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያዜምበት ግሩም ሥራ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ አቫኪያን ከተለያዩ ቅጂዎች የወደዳቸውን ክፍሎች ቆርጦ ቀጥሏል፤ አንዳንድ ቦታም አርምስትሮንግ በራሱ ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ እንዲደርብ አድርጓል። ነባሩ የኒው ኦርሊንስ ጃዝ፣ ሙዚቀኞች እየተደማመጡ በዚያው ቅጽበት የሚፈጥሩት ጥበብ ነው ካልን፣ ይህን አልበም የዚያ ጥበብ ምሳሌ አድርጎ ለተማሪ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

ሸክላ ሰብሳቢው፦ እርስዎ «ቅጽበት» የሚሉት ነገር መቼም ቢሆን ከመሣሪያው ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ አያውቅም። በ1923 አርምስትሮንግ የነበረበት የኪንግ ኦሊቨር ባንድ ኢንዲያና ውስጥ፣ ሪችመንድ ከተማ ሲቀረጽ ማይክሮፎን አልነበረም፤ ድምፁን የሚቀበለው ትልቅ ቀንድ ነበር። ወጣቱ አርምስትሮንግ ጉልበቱ ሌሎቹን እንዳይውጥ ከቀንዱ ርቆ እንዲቆም መደረጉ በሰፊው ይነገራል፤ ከበሮ መቺውም ትልቁን ከበሮ እንደ ልቡ መምታት አልቻለም። በዚያ ላይ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በ1925 ቤሲ ስሚዝ የሃንዲን «ሴንት ሉዊስ ብሉስ» አርምስትሮንግ በኮርኔት (ትራምፔት መሰል መሣሪያ) እያጀባት ስትዘፍን በዚያችው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በ1954 ግን ያው ዜማ ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዳንስ ቤት ውስጥ ይጫወቱት ለነበረው የሚቀርበው የትኛው ይመስልዎታል?

ጠያቂው፦ ስለ ሸክላው ጥበት ትክክል ነዎት። ነገር ግን መጥበብና መቀየር ይለያያሉ። በ1923 የተጨናነቁት ሰዎች ቢያንስ አንድ ላይ ተጨናንቀዋል። በተቀጠለው ቅጂ ግን ባርኒ ቢጋርድ በክላርኔቱ የሚመልሰው እኛ ላልሰማነው የትራምፔት ሐረግ ሊሆን ይችላል። ጃዝ ጥያቄና መልስ ነው ካልን፣ መልሱን ከሌላ ጥያቄ ጋር ማጋባት ምን ይባላል?

የድምፅ ቴክኒሺያኑ፦ በወጣትነቴ ቴፕ በምላጭ ስለቆረጥሁ የሥራውን ጠባይ ልግለጽ። ቴፑ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ክንድ አይሞላም። ጥቅሉን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንከባለሉ ነፊው ትንፋሽ የሚስብባትን ቦታ ይፈልጋሉ፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያም አገማምተው በሰያፍ ይቆርጣሉ፤ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ቅጂዎች በፍጥነት ወይም በቅኝት ጥቂት ከተለያዩ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠበቡ ቅጥሉ ይነቃል። ስለዚህ ከበሮ መቺው ባሬት ዲምስና ጓደኞቹ ደጋግመው ሲጫወቱ አንዱን ፍጥነት ባይጠብቁ ኖሮ አቫኪያን የሚቀጥለው ነገር ባላገኘ ነበር። እኔ ቅጥሉን የምቆጥረው የባንዱ መናበብ ምስክር አድርጌ ነው።

ትራምፔት ተጫዋቹ፦ ከምላጩ ይልቅ ማታለሉ ላይ ብናተኩር ይሻላል። ያው ፕሮዲዩሰር በ1956 ባወጣው «አምባሳደር ሳች» አልበም ሚላኖ ውስጥ ከኮንሰርት ውጪ በተቀረጹ ዜማዎች ላይ ጭብጨባ ጨምሮ የመድረክ ሥራ አስመስሏቸዋል። እዚያ ላይ ከጠያቂው ጋር ነኝ፤ ያልነበረ ሕዝብ እንዲያጨበጭብ ተደርጓልና። የሃንዲው አልበም ግን አንዱን ሐረግ ከሌላው የሚያስበልጥ ምርጫ ነው፤ አርምስትሮንግ ያልነፋው ኖታ የለበትም። (እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ እያዜምሁ መንፋት ብችል ኖሮ እኔንም ሺህ ቦታ ቆርጠው ቢቀጥሉኝ አልከፋም ነበር።) በ1986 በሲዲ ሲታተም ከዋናው የተለዩ ቅጂዎች ገብተውበት አድማጮች ቅር ተሰኝተዋል፤ የቀድሞው የተመለሰላቸው በ1997 ነው። አድማጩ የናፈቀው የተቀጠለውን መሆኑን ልብ ይበሉ።

ጠያቂው፦ አድማጭ የለመደውን መናፈቁ የቅጂውን ታማኝነት አያስረዳም፤ በዚህ አልስማማም። የጭብጨባው ልዩነት ግን አሳምኖኛል። ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የ1925ቱን፣ ቀጥዬ የ1954ቱን አሰማለሁ፤ መቀጠሉንም ሳልነግራቸው አላልፍም። የክላርኔቱን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።