የእኛ የፋርማሲ ሬዚደንቶች የጋራ ጥያቄ ረቂቅ፦ እስከ ረቡዕ ማታ አስተያየት ስጡ

ረቂቅ ያዥ፦ ረቂቁን ለጥፌያለሁ። ጥያቄው ሦስት ነው። የሌሊት ዲዩቲ ይከፈለን። በሳምንት ግማሽ ቀን ማንም የማይነካው የጥናት ጊዜ ይኑረን። አንድ ፕሪሴፕተር (የሚያሰለጥነን ፋርማሲስት) በአንድ ዙር ከሁለት ሬዚደንት በላይ አይያዝ። ያለፈው ዓመት ደብዳቤ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ አሳጥሬዋለሁ። ሐሙስ ይገባል።

የሌሊት ወፍ፦ አንደኛውን አጠንክሪው። ሌሊት ምን እንደሚሠራ ቀን የሚገቡት አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገቡ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት ይወስዳሉ፣ በሳምንት አንዴ። ትእዛዙ ላይ በየቀኑ ተብሎ ተጽፏል። ፌስታላቸውን ከትራስ ሥር አውጥተው «ልጄ፣ እኔ ሰኞ ሰኞ ነው የምውጠው» አሉኝ። ዝም ብዬ ባሳልፈው መቅኔያቸውን ነበር የሚጨርሰው። ሐኪሙን ቀሰቀስኩት፣ ተስተካከለ። ጠዋት ሞርኒንግ ስብሰባው ላይ ያነሳው የለም። ክፍያማ አይወራም።

ዋርድ ሦስት፦ ሁሉም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን «እኛ ሰልጣኝ ፋርማሲስቶች» ይላል። ሰልጣኝ ማነው? የሥራ ፈቃድ አለኝ። ይውጣ።

ረቂቅ ያዥ፦ የገባንበት ነገር ስልጠና ነው እኮ።

ዋርድ ሦስት፦ ሐኪሞቹም ስልጠና ላይ ናቸው። ሰልጣኝ ሐኪም ሲባሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ቃሉ አያስከፋኝም።

ዋርድ ሦስት፦ ገና ሁለት ወርህ ነው፣ ትደርስበታለህ። ትናንት ለአንድ ታካሚ ስለ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን እያስረዳሁ ባጄን አነበበው። «ተለማማጅ» ነው የሚለው። በትሕትና «ዋናው ፋርማሲስት የለም?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ካወራሁ በኋላ!

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ፣ ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። ሰልጣኝ ነን ካልን ፋይናንስ «ሰልጣኝ ዲዩቲ አይከፈለውም፣ መማሩ ነው» ይላል። ሠራተኛ ነን ካልን ደግሞ «ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ምን ጥናት አለው?» ይለናል። አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄ እርስ በርስ ይጣላሉ። መጀመሪያ ይሄን ፍቱ።

ካርዲዮ ያለሁት፦ ማስረጃ እናያይዝ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ጥናት አለ። ፋርማሲስት ራውንድ ላይ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ታካሚ ሲጎበኝ፣ ከትእዛዝ ስህተት የሚመጣና መከላከል የሚቻል ጉዳት ከ1,000 የሕሙማን ቀን 10.4 የነበረው ወደ 3.5 ወርዷል። የእኛንም ከሎግቡክ ላይ እኔ እሰበስባለሁ። ማክሰኞ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥናቱ ላይ ራውንድ የወጣው ሲኒየር ፋርማሲስት ነው። ይሄን ቢያነቡት መልሰው ለእኛው ይጠቅሱልናል።

ዋርድ ሦስት፦ አያችሁ? ሰልጣኝ የሚለው ቃል የትም አይለቀንም።

የሌሊት ወፍ፦ ወንድሜ፣ ስለ አንድ ቃል አሥር መልእክት ጻፍክ። ስለ ዲዩቲ አንድም። ለነገሩ አንተ ከሌሊት ተራ ከወጣህ ቆየህ አይደል?

ዋርድ ሦስት፦ ምን ለማለት ነው? በሐኪም ወረቀት ነው የወጣሁት። ሁሉም ያውቃል።

የሌሊት ወፍ፦ ሁሉም ያውቃል። ያንተን ተራ የሸፈነው ማን እንደሆነም ያውቃል።

ቺፍ፦ እዚህ ጋ ይብቃ። የግል ነገር በውስጥ መስመር።

ኦንኮሎጂ ያለሁት፦ በመሃል እኔም ልናገር፣ ሁለተኛው እንዳይረሳ። እ.ኤ.አ. የ2020ውን የአንቲባዮቲኩን የቫንኮማይሲን መመሪያ ያነበብኩት ሊፍት ስጠብቅ ነው። ትራፉን (ከቀጣዩ ዶዝ በፊት ደም ውስጥ የቀረውን መጠን) ትታችሁ ኤዩሲ (በቀን ውስጥ ደም የሚያገኘውን ጠቅላላ መጠን) ከ400 እስከ 600 ጠብቁ ይላል። ቁጭ ብዬ አንዴ እንኳ በእጄ አላሰላሁትም። ራውንድ ላይ ሲጠይቁኝ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ይመልስልኛል፣ እኔ አነብላቸዋለሁ። ይሄ ስልጠና ከተባለ ይባል።

ረቂቅ ያዥ፦ እሺ፣ «ሬዚደንት ፋርማሲስቶች» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ሰልጣኝም ሠራተኛም አይልም። ተስማማን?

ዋርድ ሦስት፦ ወረቀቱ ላይ ሬዚደንት፣ ደረታችን ላይ ተለማማጅ? መጀመሪያ ባጁ ይቀየር። ወጪም የለውም፣ እምቢ አይሉም።

አዲስ ገቢ፦ ይሄ ጥሩ ነው።

ኦንኮሎጂ ያለሁት፦ ባጅ ከተነሳ ጋውኑም ይነሳ። አጭር እጅጌው የተማሪ ነው የሚመስለው።

ገንዘብ ያዥ፦ አጭር እጅጌ ለኢንፌክሽን ይሻላል ተብሎ እኮ ነው።

ኦንኮሎጂ ያለሁት፦ ሲኒየሮቹ ለምን ረጅም ለበሱ ታዲያ? ባክቴሪያው ማዕረግ ያያል?

(እዚህ ላይ ስለ እጅጌ የተጻፉ አሥራ አራት መልእክቶችን ቺፍ አጥፍቷል።)

ረቂቅ ያዥ፦ ካርዲዮ፣ ማክሰኞ አለፈ። ቁጥሩስ? አይተኸዋል፣ ሰማያዊ ሆኗል።

የሌሊት ወፍ፦ ወፍ የለም።

ዋርድ ሦስት፦ ስለ ቅድሙ ይቅርታ፣ ተናድጄ ነበር። ቅዳሜን እኔ እገባልሃለሁ።

የሌሊት ወፍ፦ እኔም አበዛሁት። ቅዳሜ ግን ትገባለህ።

ቺፍ፦ ዛሬ ኃላፊውን አናግሬያለሁ። ገንዘብ ያለበት ነገር አሁን አይታይም አሉኝ፣ ባጁን ግን ወደውታል። ስለዚህ አስተካክዬዋለሁ። አንደኛ፣ ባጅና መጠሪያ። ሁለተኛ፣ ጋውን። ሦስተኛ፣ የሥራ ጫናችንን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም።

ረቂቅ ያዥ፦ የፕሪሴፕተሩስ?

ቺፍ፦ ኮሚቴው ያየዋል።

ረቂቅ ያዥ፦ የጥናት ጊዜውስ? ረቂቁ ላይ ስሜ አለ እኮ።

ቺፍ፦ እሱንም ኮሚቴው።

የሌሊት ወፍ፦ «ዲዩቲ» የሚለውን ቃል ፈለግኩት። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ አባሪው ውስጥ። እሱም የሜቶትሬክሴቷን እናት ታሪክ የጻፍኩት ላይ ነው። ታሪኩን ማን አስገባው?

ረቂቅ ያዥ፦ እኔ። ባጅ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል ብሎ ቺፍ እዚያ አደረገው።

የሌሊት ወፍ፦ ሴትዮዋ ባጄን አላዩትም። መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

ቺፍ፦ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ አስገባለሁ። ለባጁ የሚሆን ፎቶ ዛሬውኑ ላኩልኝ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን።

አዲስ ገቢ፦ የዋርድ አንሶላ ይሆናል?