የድንጋይ ካባ ላይ ውሃ እንዴት እንቆጥብ? (ድሬዳዋ)

የመልካ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ወጣ ብሎ ያለ ካባ ላይ ነው የምሠራው። ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸር አለን፣ ከጎኑ ደግሞ እብነ በረድ መቁረጫ። ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ክፍል አቧራ ለማብረድ ይረጫል፣ ሌላው የመቁረጫውን ዲስክ አቀዝቅዞ ነጭ ጭቃ ሆኖ በቦዩ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ሰው ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ እየጠበቀ እኛ እንዲህ ስናፈስ ያንገበግበኛል። አቧራውን እንዳንተወው ደግሞ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳንባ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነጭ ድንጋይ፦ አቦ፣ መጀመሪያ ያ ነጭ ጭቃ ከግቢ እንዳይወጣ አድርግ፣ ብራችሁ እዚያ ውስጥ ነው። ሦስት ገንዳ አከታትላችሁ ሥሩ። አንደኛው ላይ ሻካራው ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ ደቃቁ፣ ከሦስተኛው የጠራውን ወደ ዲስኩ ትመልሳለህ። ፓምፑን ወለሉ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ጭቃውን ይስብና ይበላሻል፤ ባዶ ጀሪካን ላይ አስረህ አንሳፈው። የእብነ በረድ ዱቄት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብቻውን ቶሎ አይዘቅጥም፣ ትንሽ አሉም (ውሃ የሚያጠራ ጨው) ሲገባበት ግን ተያይዞ ይወርዳል። የጠራው ውሃ የሚጠራቀምበትን ጠባብና ጥልቅ አድርገህ ክደነው፣ አለዚያ የድሬ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ከታች የቀረውን ጭቃም ዝም ብለህ አትድፋው፤ አሸዋ ላይ ስታሰጣው የሚንጠባጠበውን ወደ ገንዳው መልስ።

ሳቢያን፦ የዲስኩ ውሃ በዚህ ይፈታል። ለአቧራው ግን በጎማ መርጨት ይቅር፤ የክሬሸሩ አፍ ላይና ጠጠሩ ከሚያጓጉዘው ቤልት የሚወድቅበት ቦታ ላይ ጉም የሚያወጣ ኖዝል (የመርጫ አፍ) ግጠሙ። ደቃቅ ጠብታ ነው አቧራን የሚይዘው፣ ትልቁ ጠብታ አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። ቤልቱንም ሸፍኑት፣ የተሸፈነ ነገር ብዙ ውሃ አይፈልግም። አንድ ነገር ልብ በል፣ የድሬ ውሃ ኖራ አለው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን አይተኸዋል፤ ኖዝሉንም እንደዚያው ይደፍነዋል። ማጣሪያ አስቀድምና በየጊዜው እየፈታህ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው። የገንዳውን ውሃ ደግሞ ወደ ኖዝል እንዳትልከው፣ ዱቄት አለበት። ከሁሉም በፊት በየመስመሩ ቆጣሪ ግጠሙ፣ የት እንደሚፈስ ሳታውቁ የምትቆጥቡት ነገር የለም።

የጀጎል ልጅ፦ እኛ ሐረሮች ይሄ ነገር በደንብ ይገባናል። የምንጠጣበት የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ አይተናል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ከድሬ አካባቢ ጉድጓድ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣልን። ቺሊ ያለው ኤስኮንዲዳ የመዳብ ማዕድን የባሕር ውሃ አጣርቶ ከ3000 ሜትር በላይ ወደ ተራራ ያወጣል። እኛ ባሕር የለንም፣ ያለን የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ እሱንም ካባውና ከተማው ይጋሩታል። ስለዚህ ወንድሜ አለቆችህን ወጥረህ ያዛቸው።

የመልካ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የቆጣሪውን ጉዳይ ነገ ለአለቆቼ አነሳላቸዋለሁ። አሉሙ ግን ለ1000 ሊትር ስንት ይገባል?

ነጭ ድንጋይ፦ እንደ ጭቃው ነው። ከ50 ግራም ጀምር። መጀመሪያ ግን በብርጭቆ ሞክረው፦ ከቦዩ ቀድተህ አራት ብርጭቆ ሙላ፣ አንዱን እንዳለ ተወው፣ ሦስቱ ላይ መጠኑን እየለያየህ አማስል። ቶሎ የጠራው መጠንህ ነው። ጭቃው ሲቀየር እንደገና ሞክር።