ጉላርዲ፦ የክሊቭላንድ ባለውለታ ወይስ የፓርማ በደለኛ?

የክርክሩ መነሻ፦ ኧርኒ አንደርሰን «ጉላርዲ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በኦሃዮዋ ክሊቭላንድ፣ በቻናል 8 ዓርብ ሌሊት አስፈሪ ፊልሞችን ያቀርብ ነበር። ከተማዋ እስከ ዛሬ በፍቅር ታነሣዋለች። አጠገቧ ያለችውን ፓርማን መሳለቂያ ያደረገ ሰው ይህ ክብር ይገባዋልን?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ይገባዋል። የሌሎች ከተሞች አቅራቢዎች ከሬሳ ሣጥን እየወጡ ተመልካቹን ለማስፈራራት ሲደክሙ፣ እርሱ ግን ነጭ ጋውን ለብሶና አርቴፊሻል ጢም ለጥፎ ፊልሙ የማይረባ መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር። ተመልካቾች የሚልኩለትን የአሻንጉሊት መኪና በርችት ያፈነዳል፤ በፊልሙ መካከልም የራሱን ምስል አስገብቶ ከጭራቁ የሚሸሽ ይመስላል። ይህን ያየ ልጅ ቴሌቪዥን የሚፈራ ነገር አለመሆኑን ተረድቷል። ክራምፕስ የተባለው የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ላወጣው አልበም ስም ያደረገው የእርሱን አባባል ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ፈጠራውን አልክድም፤ የምቃወመው ቀልዱ ያረፈበትን ቦታ ነው። በፓርማ ብዙ የፖላንድና የዩክሬን ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። የተሳለቀው በነጭ ካልሲያቸው፣ በፖልካ ሙዚቃቸውና በግቢያቸው በሚተክሉት ሮዝ የፕላስቲክ ወፍ ነው። የማይረባ ፊልም ቢሰደብ የሚከፋው ሰው ጥቂት ነው፤ የአባቱ ካልሲ የተሰደበበት ልጅ ግን ሰኞ ትምህርት ቤት መግባቱ አይቀርም። የከተማዋ ሹማምንት አቤት ብለው «ፓርማ ፕሌስ» የተባለው ተከታታይ ጭውውት እንዲቆም የተደረገውም በከንቱ አልነበረም።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ቸክ ሾዶውስኪን ለምን ይዘነጉታል? እርሱ ራሱ የፖላንድ ዝርያ ያለው ሰው ሲሆን፣ ከጉላርዲ ጋር አብሮ ሠርቶ፣ አንደርሰን ከሄደ በኋላ የሌሊቱን ዝግጅት ከባልደረቦቹ ጋር እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ይዞ ቀጥሏል። ንቀት ቢኖርበት ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ባልቆየበት ነበር።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ አልዘነጋሁትም። ሾዶውስኪ በገዛ ወገኑ ቢቀልድ የቤት ልጅ ጨዋታ ነው፤ አንደርሰን ግን ከማሳቹሴትስ የመጣ እንግዳ ነበር፣ ካሜራውም በእጁ ነበር። የአንድ ሰው መሳቅ የሌላውን ቅሬታ አይሰርዝም።

አንደኛ ተከራካሪ፦ ይህን እቀበላለሁ። አንደርሰን ሎስ አንጀለስ ሄዶ የኤቢሲ ቴሌቪዥን ድምፅ ሆኖ ሲከብር፣ የቀልዱ ስም ከፓርማ ጋር ቀርቷል። ይሁንና ከዝግጅቱ የተረፈው ቀረጻ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ክብሩን ከመንፈግ ይልቅ ያለውን ሳይቆርጡ ማሳየት ይሻላል፤ የፓርማውም ክፍል ካለ አብሮ ይታይ፣ የፓርማም ሰዎች በዚያው መድረክ ይናገሩ።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ እነርሱ ቀድመው የሚናገሩ ከሆነ እስማማለሁ።