«ጥሩ ዘረፈ» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ባለቅኔና ስለ መዝሙር ደራሲ

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደብራችን በዓለ ንግሥ ዕለት ቅኔው እንዳበቃ አንድ አረጋዊ ካህን «የዛሬው ሰው ጥሩ ዘረፈ» ሲሉ ሰማሁ። ቃሉ በአዘቦት አማርኛ ቀማ፣ ነጠቀ የሚለውን ፍቺ ስለሚይዝ፣ በቤተ እግዚአብሔር ውስጥ ለምስጋና እንዴት ሊውል ቻለ? ደግሞስ በዛሬ ጊዜ ለሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያዘጋጀውን ሰው «ባለቅኔ» ብንለው ያስኬዳል?

መልስ (ከተጉለት)

በቅኔ ቤት ንግግር «ዘረፈ» ማለት አዲስ ቅኔ ከልቡ አውጥቶ በጉባኤ ፊት በቃሉ አሰማ ማለት ነው፤ የሰው ንብረት ከመንጠቅ ጋር የሚያገናኘው ፍቺ በዚያ ቤት የለም። ይሁንና ቃሉን ለብቻው ከመፍታት ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር አሰልፎ ማየት የተሻለ ይመስለኛል። ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ቤቱን (ስንኙን) እና ዜማውን በልቡ እየመዘነ ሲያዘጋጅ «ቅኔ ይቆጥራል» እንላለን፤ ያዘጋጀውን ለየኔታ አቅርቦ ሲታረም «ቅኔ ይነግራል» ይባላል፤ የኔታ ራሳቸው ለተማሪዎቻቸው አዲስ ቅኔ ሲያሰሙ «ዘረፉ» ይባላሉ፤ በበዓል ቀን ሊቁ ቅኔውን ቀስ ብሎ «ይመራል»፣ ተመሪውም ተቀብሎ በዜማ ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ የሥራው ሁሉ መደምደሚያ ደግሞ «ቅኔ አበረከተ» ነው። ከእነዚህ ግሦች መካከል «ጻፈ» የሚል አንድም የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ባለቅኔ ብራና ፊቱ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ሳይሆን፣ በአገልግሎቱ ሰዓት በማኅበሩ መካከል ቆሞ የሚሰጥ ሰው መሆኑን ግሦቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

«ቅኔ» የሚለው ስምም ይህንኑ ያጸናል። በግእዝ «ተቀንየ» ማለት ተገዛ፣ አገለገለ ማለት ሲሆን፣ በመዝሙረ ዳዊት ሁለተኛው መዝሙር «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሀት» የሚለው ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ ማለት ነው። ስለዚህ ቅኔ ከውበቱ አስቀድሞ አገልግሎት ነው። ሰምና ወርቁን፣ ኅብሩን፣ ውስጠ ወይራውን ሁሉ የምናደንቀው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በየጋዜጣውና በየመድረኩ ስለ ቅኔ ሲነገር የምንሰማው የቃላት ብልሃቱን ብቻ ሆኖ፣ ብልሃቱ ለምን ሥራ እንደተፈጠረ መዘንጋቱ ያሳዝነኛል።

የቅኔ ዓይነቶችን ስም ብንመረምር ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። «ሚበዝኁ» የተባለው «እግዚኦ ሚበዝኁ እለ ይሣቅዩኒ» ከሚለው ከሦስተኛው መዝሙር፣ «ዘአምላኪየ» «አምላኪየ አምላኪየ» ብሎ ከሚጀምረው መዝሙር፣ «ዘይእዜ» አረጋዊው ስምዖን «ይእዜ ትስዕሮ ለገብርከ በሰላም» ካለው ጸሎት፣ «ክብር ይእቲ» ደግሞ ከመዝሙር 149 የመጨረሻ ቃል የተወሰደ ነው። ሌላው ዓለም የግጥምን ዓይነት በስንኙ ቁጥር ወይም በይዘቱ ሲሰይም፣ የእኛ አባቶች ቅኔውን የሰየሙት በሚገባበት የጸሎት ስፍራ ነው። ባለቅኔው ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት ይሙላ እንጂ፣ የጸሎቱ ቅደም ተከተል ከከፈተለት በር ውጭ ገብቶ ሊያሰማ አይችልም። ልኩ የተሰጠ ነው፤ ቦታው የተሰጠ ነው፤ የዕለቱም በዓል የተሰጠ ነው። አዲስ የሚሆነው ምሥጢሩ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ ለነገ ሌላ ይቆጠራል።

ከዚህ ጋር የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን ማነጻጸር ይገባል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት የዜማ ዓይነቶች የደረሰው ቃል አይለወጥም፤ መምህሩ የዜማ ምልክቶቹን፣ ድፋቱንና ሂደቱን፣ ቅናቱንና ይዘቱን፣ እንደተቀበለ ለተማሪው ያስተላልፋል። የማይለወጠው ድጓና በየዕለቱ የሚታደሰው ቅኔ በአንድ ማኅሌት ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው፣ በእኔ አስተያየት የአገራችን አምልኮ ካሉት ድንቅ ነገሮች ሁሉ የሚበልጥ ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለን፤ ተጉለት ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር ጋር በዜማ ስልት ስሙ የሚጠራ አገር ነው፤ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) «እግዚአብሔር ነግሠ» የተባለው የምስጋና ድርሰት በስማቸው ይታወቃል።

አስተያየት (ከመርሐ ቤቴ)

መልስዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ባለቅኔው አገልጋይ ብቻ ከሆነ፣ የቅዱስ ያሬድና የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ስም እስከ ዛሬ ለምን ይጠራል? ደራሲው በስሙ መታወቁ ከአገልግሎቱ ጋር የሚጣላ አይመስለኝም።

መልስ (ከተጉለት)

ልክ ብለዋል፤ አይጣላም። ልዩነቱ ስሙን የሚጠራው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ያሬድን «ማኅሌታይ» ያለችው፣ አባ ጊዮርጊስ የደረሱትን የሰዓታት ጸሎት ስትቆም ስማቸውን የምታነሣው፣ ድርሰታቸውን የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ናት። በአንጻሩ ቅዱሳንን «ሰላም ለ…» እያለ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር የሚያመሰግነውን መልክእ ይመልከቱ፤ የአብዛኞቹ ደራሲዎች ስም አልተላለፈልንም። በመልክእ ውስጥ ስም የሚገባው «ለገብርከ» ወይም «ለገብርኪ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነው፤ ያም ምሕረት የሚለምነው፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ወይም የሚደግመው ሰው የክርስትና ስም ነው። ስሙ የገባው ለምስክርነት ሳይሆን ለልመና ነው።

ወደ ጠያቂያችን ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። በአማርኛ ግጥምና ዜማ አዘጋጅቶ ለዘማርያን የሚሰጠውን ሰው «የመዝሙር ደራሲ» ብንለው ትክክል ነው፤ «ደረሰ» ለያሬድም የተነገረ የከበረ ግሥ ስለሆነ ማሳነስ የለበትም። «ባለቅኔ» የሚለውን ግን በግእዝ ቆጥሮ፣ ነግሮ፣ ታርሞ በቅኔ ማኅሌት ለሚያበረክተው ብንተወው የሁለቱም ሥራ በየስሙ ይታወቃል። የመዝሙር ደራሲው ከባለቅኔው ሊወስደው የሚገባ ነገር ካለ ግን፣ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት መዝሙሩ በየትኛው በዓል፣ ከየትኛው ምንባብና ምስባክ (ከወንጌል በፊት ከሚዜመው የዳዊት መዝሙር ጥቅስ) ጋር እንደሚዘመር መጠየቅ ነው። አሁን የምንሰማቸው ብዙ መዝሙራት ለየትኛውም ቀን የሚሆኑ ተደርገው ስለሚደረሱ፣ የስቅለትም ሆነ የጥምቀት ዕለት ቢዘመሩ የሚለይ ነገር የላቸውም። በሰፈርዎ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከመሪጌታው ጋር ተቀምጠው የዕለቱን ምስባክ አስቀድመው ቢያጠኑ፣ የአረጋዊው ካህን «ጥሩ ዘረፈ» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከእኔ መልስ ይልቅ ከዚያ ይረዱታል።