ኤክስፖርት ስጀምር ላፕቶፔ ድርግም ይላል፤ ነገ ማስረከብ አለብኝ!

ሰርግ ቀራጭ፦ ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። የሰርግ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ስቆራርጥ ምንም አይልም። ያለቀውን ቪዲዮ እንዲያወጣ ኤክስፖርት ስለው ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ከዚያ ድርግም። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ጽሑፍ የለም። ትንሽ ቆይቼ ስከፍተው ይነሳል። ዊንዶውስ አስቀየርኩ፣ ያው ነው። ራም ልጨምርለት?

ናቲ፦ ራም ምን አገባው? ራም ሲያንስ ይንቀራፈፋል እንጂ እንዲህ አይጠፋም። ሞዴሉስ? ስንት ዓመቱ ነው? ጠንቋይ ያለን መሰለህ እንዴ?

የሰፈር ልጅ፦ ፍሪጅ ውስጥ ክተተው ሃሃሃ

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያም ካልበቃ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያንሳል።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ድሬዳዋ ይምጡና ስለ ሙቀት እናውራ።

ሚኪ፦ ተርማል ፔስት ቀይር፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን።

ኤርሚ፦ ፔስቱ ደርቋል። ተርማል ፔስት ይቀየር።

ቤቲ ጥገና፦ በዚህ ሌሊት ፔስት ከየት ያመጣል? ወንድሜ፣ አልጋ ላይ ነው የምትሠራው? ከሥሩ ያለው አየር ማስገቢያ ይታፈናል። ጠረጴዛ ላይ አድርገውና ከኋላ በኩል ሁለቱን ጫፍ በመጽሐፍ ከፍ አድርግ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴትን ከ100 ወደ 99 አውርደው። ቱርቦው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት፣ ይጠፋል። ኤክስፖርቱ ይዘገያል፣ ግን ያልቃል። ሰርጉን ካስረከብክ በኋላ አስከፍተህ አስጸዳው። ሙቀቱን የሚያወጣው መዳብ ጫፍ ላይ አቧራ ተጋግሮ ታገኛለህ። ስትነፋው ፋኑ እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ያዘው።

ናቲ፦ ሙቀት ነው ያለው ማነው? ዲግሪውን ያየ አለ? ባትሪው የሞተና የቻርጀሩ ዋት ያነሰ ላፕቶፕም ጭነት ሲበዛበት እንዲሁ ነው የሚጠፋው።

ሰርግ ቀራጭ፦ አዎ አልጋ ላይ ነበር። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ቻርጀሩ ከመንገድ የተገዛ ነው፣ 90 ዋት ይላል።

ናቲ፦ የድሮው ስንት ይል ነበር?

ሰርግ ቀራጭ፦ 180 መሰለኝ።

ናቲ፦ ይኸው!

ሰርግ ቀራጭ፦ ቤቲ እንዳለችው 99 አድርጌ ጀመርኩት። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለው ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም 84 ዲግሪ ያሳያል። 40 በመቶ አልፏል፣ እስካሁን አልጠፋም። ተመስገን ነው!

ቤቲ ጥገና፦ አየህ፣ ሙቀት ነው።

ናቲ፦ ቱርቦው ሲጠፋ የሚስበው ዋትም ይቀንሳል እኮ። ገና አልተረታሁም።

የሰፈር ልጅ፦ ሙሽሮቹ ይህን ሁሉ ቢያውቁ

ሚኪ፦ ለማንኛውም ፔስቱን ቀይር።

ቤቲ ጥገና፦ ሰርግ ቀራጭ፣ አለቀ?

ሄለን፦ የኔም ጌም ስከፍት እንደዚሁ ያደርጋል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ግን ያ ማክሲመም የምትሉት ነገር የለም። ተደብቆ ነው?